ወጌሻው ያሰረው የልጄ እጅ

ምላጩ ጣቷን ሲቆርጣት ልጄ ወሬዋን አላቋረጠችም።

ሮብ ቀን ነበር፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። ውጭ ይዘንባል፤ መቱ ከተማ መዝነብ ከጀመረ የሚያቆም አይመስልም። መደቡ ላይ አጠገቤ አስቀምጬ ጥፍሯን እቆርጥላት ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ልትመለስ ነው፣ አስተማሪዋ ደግሞ ጥፍር ያያል። ግራ እጇን ስቆርጥላት እንደ ወትሮዋ እየተኮማተረች ኮረኮርሽኝ ትለኛለች። ቀኝ እጇ በወጌሻ ቀርከሃ የታሰረው ነው። ከእስሩ ጫፍ ብቅ ያሉትን ጣቶቿን በቀስታ ያዝኩ። የመሐል ጣቷ ላይ ስደርስ ምላጩ ከጥፍሩ አልፎ ሥጋዋን ከፈተው። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ስለ አንዲት ጓደኛዋ አዲስ ጫማ እያወራች ነበር፤ ማውራቷን ቀጠለች።

«አላመመሽም?» አልኳት።

«ምኑ?»

ደም ይፈሳል ብዬ ጠበቅኩ። ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር ወዝቶ ቀረ። ወደ በሩ ብርሃን ጎትቼ ጣቶቿን አየኋቸው። የዶቅማ ፍሬ መስለዋል። ዳበስኳቸው፣ ከሶር ወንዝ የወጣ ጠጠር ነው የሚመስሉት። በጥፍሬ ጫን አልኩ። ይሄስ? አልኳት። አይሰማኝም አለች። ትንሿን ጣቷን አፌ ውስጥ አስገብቼ በጥርሴ ነከስኳት። እየሳቀች አየችኝ።

ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ሲሆን ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ።

«ሕመሙ ተወኝ ብዬሽ የለ?» አለችኝ። «አንቺ ነሽ እግዚአብሔር ይመስገን ያልሽው።»

እውነቷን ነው። ብያለሁ።

ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ነገሩ የመጣው ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጎረቤት ግቢ ያለው አቮካዶ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ከነቅርንጫፉ ወረደች። የወደቀችው በቀኝ እጇ ላይ ነው። ከክርኗ በታች ጎብጦ አየሁት። ባለቤቴ ቡሬ ነው፤ እዚያ የግንበኝነት ሥራ ይዞ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል። እኔ መቱ ገበያ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ። ብቻዬን ነበርኩ ማለት ነው።

ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድሻትም የሚል ይኖራል። ሐኪም ቤቱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ግን በሰፈራችን ነገሩ አጥንት ከሆነ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ሐኪም ጀሶ ለጥፎ ይልካል፤ ወጌሻ ግን አሽቶ፣ ዳብሶ፣ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ ነው የሚያስረው ይባላል። ለዚህ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቦንዳ ልብስ ስሸከም ትከሻዬ ወልቆ የመለሱልኝ ልጄን ያሰሩት ወጌሻ ናቸው። መልሰውልኝም አልተዉኝም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሱ አሹኝ። እጃቸው የሚያመኝን ቦታ ከእኔ ቀድሞ ያገኘዋል። ዛሬ ድረስ ቦንዳ የምሸከመው በዚያ ትከሻ ነው።

ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አባባ እላቸዋለሁ። አፋቸው ኦሮምኛ ነው፤ ለልጅ ሲሆን አማርኛ ይሞክራሉ። የእኔ አባት ለሥራ ከሰሜን መጥቶ መቱ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ተውኩ። ኦሮምኛን የለመድኩት ከገበያ ነው። መሸጥ፣ መግዛት፣ መሳደብ፣ መታረቅ እችላለሁ። ምንም አያመልጠኝም ብዬ አምን ነበር።

አባባ እሑድ ዕለት መጥተው ሙቅ ውኃ አስመጡ። ፎጣ ነክረው እጇ ላይ አደረጉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ከትከሻዋ ጀምረው ቀስ እያሉ ወረዱ። የተሰበረው ጋ አልቸኮሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ብቻ ነው የሚሄዱት። ልጄ እየተንቀጠቀጠች ነው።

«አንቺ ነሽ አቮካዶውን የጣልሽው ወይስ እሱ ነው አንቺን?» አሏት በዚያ አማርኛቸው።

«እሱ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት ሳቡት። ቋ ሲል ሰማሁ። ጩኸቷ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ አልቆ ነበር። ከዚያ በጥጥ የተጠቀለለ ቀርከሃ በአራት በኩል አድርገው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በገመድ ሦስት ቦታ አሰሩት። ትንሽ ጣታቸውን በገመዱና በጨርቁ መሐል አስገብተው መላወሱን አሳዩኝ። ሰባት ቀን ማንም እንዳይነካው አሉ።

ይሄ ሕግ ነው። ወጌሻ ያሰረውን የሚፈታው ወጌሻው ራሱ ነው። ሌላ ሰው የፈታው አጥንት ጠሞ ይቀራል፣ ተመልሶም ቢታሰር አይገጥምም ይባላል። በሰፈራችን እናቱ አዝናለት እስሩን ያላላችለት ሰው አለ፤ ክንዱ እስከ ዛሬ ወደ ውጭ የዞረ ነው።

ማክሰኞ አባባ በሞተር ብስክሌት ደጃፌ መጡ። ያዮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ የወጣ ሰው ወድቆ፣ ዘመዱ በሞተር ሊወስዳቸው መጥቶ ነው፤ በዚያው ልጄን ሊያዩ ጎራ አሉ። ጥፍሯን አንድ በአንድ ተጫኑ። ነጣ ይልና መልሶ ይቀላል። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ አሏት፤ አንቀሳቀሰች። ደስ ብሏቸው ወጡ። ሞተሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሰውየው እየነዳ ሊሄድ ሲል፣ ዞር ብለው ጮክ አሉልኝ። ከሞተሩ ድምፅ መሐል የሰማሁት «ዮ ቆሬ፣ ህዲ!» የሚል ነው። ከቀዘቀዘ እሰሪው ማለት ነው።

እሺ አባባ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ምንም አልከበደኝም። ስብራት ብርድ እንደማይወድ ማን የማያውቅ አለ? እናቴም ስትል የኖረችው ነው፤ ብርድ ከገባበት ዕድሜ ልክ ሲቆረጥም ይኖራል።

ሮብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጄ ስትነሳ እጄ ቀዘቀዘኝ አለች። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ነው ያደረው። ጣቶቿን ስነካቸው በርግጥም ቀዝቅዘዋል፣ አበጥም ብለዋል። የአባባ ቃል ትዝ አለኝ። ከሰልባጁ ክምር ውስጥ የሕፃን ሹራብ አወጣሁ፤ የሚለጠጥ፣ ወፍራም፣ ጥሩ ሱፍ ነው። እጅጌውን ቆርጬ ከነቀርከሃው ላይ እየጎተትኩ አስገባሁላት። ጠቦ ነበር፤ በስንት መከራ ነው ያለፈው። እንዳይወርድ ብዬ ከላይ በቀበቶ ጨርቅ ሁለት ዙር አሰርኩት። ልጄ ትንሽ አለቀሰች። ሲሞቅሽ ይሻልሻል አልኳት። ሦስት ሰዓት ገደማ ሕመሙ ተወኝ አለችኝ፣ እኔም አመሰገንኩ። በሥራዬም ኮራሁ።

እንግዲህ ያን ምላጭ ይዤ ስቀመጥ ይሄ ሁሉ ከኋላዬ ነበር። ግን ይሄን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ የመጀመሪያ ሐሳቤ መፍታት አልነበረም። ብርዱ በዝቶበት ነው አልኩ። ሁለተኛውን እጅጌ ልደርብላት ሰልባጁን እየገለበጥኩ ነበር።

ያቆሙኝ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። የተዋሱኝን ዣንጥላ ሊመልሱ ገቡ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል፤ እሳቸውም ዳሌያቸውን በአባባ እጅ ታሽተው የተነሱ ናቸው። ጣቶቿን አይተው ዣንጥላውን ከእጃቸው ጣሉት። ይሄ ብርድ አይደለም አሉ። ያኔ ነው የፈራሁት።

መቀሱን አነሳሁ።

«አስቀምጪው» አሉኝ። «ወጌሻ ያሰረውን አንቺ ልትፈቺ ነው? እድሜዋን ሙሉ ጠማማ ክንድ ይዛ ስትረግምሽ ልትኖር?»

«እትዬ፣ እጇ እኮ እየሞተ ነው።»

«እሳቸውን ጥሪያቸዋ።»

ደወልኩ። ደንበኛው አይገኙም የምትለዋ ሴትዮ አነሳችልኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ እሷው ናት። ያዮ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ለባለቤቴ ደወልኩ፤ እሱ ደግሞ ቡሬ ሆኖ ሐኪም ቤት ውሰጃት ይለኛል፣ ወዲያው መልሶ ቆይ አትውሰጃት ይለኛል። ሁለቱንም ያለበት ምክንያት አንድ ነው። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ልጇ እንዲሁ ታስሮ፣ ጣቱ ጠቁሮ ሐኪም ቤት ወስዳው፣ አንድ እጁን እዚያ ትቶ ነው የተመለሰው። ያን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። እትዬም ይህንኑ አሉኝ፤ ሐኪም ቤት ካየው ይቆርጠዋል።

መቀሱን አስቀመጥኩ። አሁን ሳስበው እዚያ ያጠፋሁት ግማሽ ሰዓት ያንገበግበኛል። በአንድ በኩል ብፈታ ይጠማል፣ በሌላ በኩል ብወስዳት ይቆረጣል፣ ዝም ብል ዓይኔ እያየ ይጠቁራል። ልጄ የእኔንና የእትዬን ፊት ተራ በተራ ታያለች። እስካሁን አልፈራችም ነበር፤ ያኔ ፈራች።

ያዮ እሄዳለሁ አልኩ። ራሳቸው ይፍቱት። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ ይዘን መናኸሪያ ወረድን። ወደ ያዮ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሟል፣ ግን ገና አምስት ሰው ነው የያዘው። ሹፌሩን ለመንኩት። ልጄ ታማለች ብዬ እጇን ከጋቢው አውጥቼ አሳየሁት። አይቶ ፊቱን አዞረና እህቴ ሞልቼ እሄዳለሁ፣ ትንሽ ታገሺ አለኝ። ገብተን መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ያዮ መንገዱ በጭቃ ተበላሽቷል፣ ከሁለት ሰዓት በታች አትደርሱም አለ። ሁለት ሰዓት። የልጄን ጣት ያዝኩ፤ ከመቀዝቀዙ የተነሳ የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው። ኮረብታ ላይ ሲወጡ የደወልኩት ሁሉ አንድ ላይ ገብቶላቸው ነው።

ማል ታቴ፣ ምን ሆነች አሉኝ። ጣቶቿ ጠቁረዋል፣ አይሰማትም አልኳቸው። መቼ ቀዘቀዘ አሉ። ጠዋት። ከዚያስ ምን አደረግሽ?

«እንዳሉኝ አሰርኩት አባባ። በሹራብ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ማን እሰሪ አለሽ?» አሉ። «ሂኪ ነው ያልኩሽ። ዮ ቆሬ፣ ሂኪ።»

ሂኪ ማለት ፍቺ ማለት ነው። ህዲ ማለት እሰሪ። ሁለቱንም ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ ቦንዳ ሳስርና ስፈታ የምጠራቸው ቃላት ናቸው። ከቀዘቀዘ ፍቺው ያሉኝን፣ ብርድ መሸፈን የለመደው ጆሮዬ እሰሪው ብሎ ተቀበለው። ሰባት ቀን ማንም እንዳይነካው ያሉት ሰውዬ ለአንድ ነገር ብቻ ፈቅደውልኝ ነበር የሄዱት፣ ያንኑ አንዱን ነገር ገልብጬ አደረግኩት።

«ኢንተለ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አሁን እዚያው ፍቺው። እኔን አትጠብቂ። ፈተሽ ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

«ይቆርጡታል አባባ።»

«የሚያስቆርጠው መቆየት ነው። ፍቺ።»

ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። የቀበቶውን ቋጠሮ በጥርሴ ያዝኩት፤ እርጥብ ነበር፣ እምቢ አለኝ። በመስኮት በኩል ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት የሚሆነውን ስታይ ቆይታ ኖሮ ቢላዋዋን አቀበለችኝ። ቀበቶውን በጠስኩ። ሹራቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደድኩት። ከዚያ የአባባን ገመዶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨርቁን ስገልጥ እጇ ላይ የቀርከሃው መስመር ሁሉ ታትሟል፣ ገመዱ የነበረበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ቦይ ሆኗል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያያል።

አባባ በስልክ እየነገሩኝ ነው። የላዩን ቀርከሃ አንሺ፣ የታቹ ይቆይ፣ እንደ ሕፃን ከሥሩ ደግፈሽ ያዢው፣ ከደረቷ አታውርጂው። እጄ ሳላስበው ጣቶቿን ለማሸት ሄደ። በስልኩ ውስጥ ያዩኝ ይመስል፣

«እንዳትሺው» አሉ። «ዛሬ ማንም እንዳያሸው። እኔም ብኖር አላሸውም።»

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ሐኪም ቤት የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። ልጄን አልጋ ላይ አስተኝቶ ጥፍሯን ተጫነ፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት፣ አንጓዋ ላይ ጣቱን አድርጎ ብዙ ቆየ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው አለኝ። መዋሸት አማረኝ። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በእጄ አሰርኩት አልኩት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ስል አልተቆጣም። የደም ሥሯ ይመታል፣ ደካማ ነው ግን ይመታል አለኝ። ጡንቻዋ ታፍኗል፤ አሁን በመፍታትሽ ይመለስ እንደሆነ አንድ ሰዓት እናየዋለን፤ ካልተመለሰ ቆዳዋን ቀድደን እናስተነፍሰዋለን።

«እጇን ልትቆርጡት ነው?»

«ቆዳውን ነው የምንከፍተው፣ እናት። እጇ እንዳይቆረጥ ነው።»

አላመንኩትም። ሰዎቹ እንዲህ እያሉ ነው የሚጀምሩት አልኩ በልቤ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመርኩ። ሐኪሙ በየአሥር ደቂቃው እየመጣ ይጫናል፣ ይሄዳል። ልጄ እማዬ ስንት ሰዓት ነው ትለኛለች፣ እነግራታለሁ። አልተቀመጥኩም፤ ብቀመጥ ልጄን ትቼ የተቀመጥኩ ያህል ስለተሰማኝ ነው። ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከኋላው የምትከተለው ነርስ የተሸፈነ ሰሃን ይዛ ገባች። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።

ያኔ ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ጉንዳን ወረረኝ አለች። የት? ጣቴ ላይ። ከዚያ ጉንዳኑ እሳት ሆነ። ጮኸች፤ እሑድ አጥንቷ ሲመለስ እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም። ሐኪሙ ሮጦ ጥፍሯን ተጫነና ለቀቀው። ነጣ፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ቀላ። መልሶ ተጫነ። ነርሷን ዞር ብሎ አያት፣ እሷም ሰሃኑን ይዛ ወጣች።

እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ እያለቀሰች ነው፣ እኔ ግን በዕድሜዬ የዚያን ያህል ደስ ያለኝ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። አላለቀም። አጥንቷን በግማሽ ጀሶ አሰሩት፤ አባባ የመለሱት አጥንት ቦታው ላይ ነው፣ ማን ነው የመለሰው ብሎ ሐኪሙ ራሱ ጠየቀኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጀሶው ሲወልቅ ግን እጇ የሰው እጅ አይመስልም። ቀጥኗል፣ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመው እንደ ጭልፊት ጥፍር ቆመዋል። ክፈቺ ስትባል አይከፈቱም። እርሳስ ትይዝና ይወድቅባታል። አስተማሪዋ በግራ ጻፊ ብሏታል። ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከን።

እዚያ የምትሠራው ባለሙያ ሲስተር የምንላት ወጣት ሴት ናት። እጇን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም፤ ያን ወደድኩላት። ጡንቻዋ ሲታፈን አጥሯል፤ አሁን በየቀኑ ካልታሸና ካልተሳበ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል አለችኝ። ሁለት ሦስት ወር ነው ያለን፣ ከዚያ በኋላ ማሸት ብቻውን አይመልሰውም። ከዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስገብታ፣ መዳፏን ቅባት ቀብታ ሠራችላት። ከጣቷ ጫፍ ጀምራ ወደ ክርኗ ነው የምትሄደው፣ ጫን፣ ለቀቅ። ከዚያ እያንዳንዱን ጣት እስከሚያማት ድረስ ትስብና እስከ አሥር ትቆጥራለች። ልጄ ዘጠኝ ላይ ታለቅሳለች።

«እኔ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጡት» አለች። «የቀረውን ቤት ውስጥ አንቺ ነሽ የምታሺያት። በቀን ሦስቴ።»

«እኔ አልነካትም» አልኳት።

ገርሟት አየችኝ። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ ያለችውን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ይሄን ግን አልችልም አልኩ። እውነቴን ነበር። ከዚያ ሮብ ወዲህ የልጄን ቀኝ እጅ ነክቼ አላውቅም። ስትታጠብ እትዬ ናቸው የሚያጥቧት። እጄን አላምነውም፤ አንዴ ልጠቅም ብዬ ያደረግኩትን አይቻለሁ። ባጠብቀውስ? ብስበውና ቢበጠስስ?

ሲስተር አልመከረችኝም፣ አላባበለችኝም። እጄን ያዘችና የልጄ ክንድ ላይ አስቀመጠችው፣ የራሷን ከላይ ደረበች። ከሥሩ የሚመታውን ይሰማሻል አለችኝ። ይሰማኛል። እሱ እየመታ፣ ጥፍሯ እየቀላ፣ እሷም ያማል እያለችሽ ከሆነ አታጠፊም። ከሦስቱ አንዱ ሲቀር ታቆሚያለሽ።

«እማዬ፣ እትዬ ይቆነጥጡኛል» አለች ልጄ። «አንቺ እሺኝ።»

ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ጫን ባልኩ ቁጥር ጥፍሯን አያለሁ። አባባ ሰምተው አንድ ቀን ቤት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ገና ሳይገቡ፣ ከሞተር ወርጄ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር አሉኝ። ጆሮዬ ነው አባባ አልኳቸው። የለም፣ አፌ ነው አሉ። እንዲህ ስንባባል እትዬ፣ ሞተሩን ክሰሱት በቃ፣ እሱ ነው የጮኸው ብለው ገላገሉን። አባባ ተቀምጠው ሳሽ አዩኝ። አንዴ ብቻ አረሙኝ፤ በጣትሽ አትግፊ፣ በትከሻሽ ግፊ፣ ያ ትከሻ እኔ የሠራሁት ነው አሉ። ሲስተር እንዴት እንዳሳየችኝ ነገርኳቸው። ከጣት ወደ ክርን ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኛም እንዲሁ ነው፣ ማን አስተማራት አሉ።

በስምንተኛው ሳምንት ሦስቱ ጣቶች ተከፈቱ። ትንሿና የቀለበት ጣቷ ቀሩ። ሲስተር ስትለካቸው ልኩን ጮክ ብላ መንገር ተወች። ጊዜው እያለቀ ነው ማለቷ ነው። በቀን ሦስቴ የነበረውን አምስቴ አደረግኩት። ገበያም ይዣት እሄዳለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ሰልባጁ ክምር ላይ ተቀምጠን አሻታለሁ፣ እስባለሁ፣ እቆጥራለሁ። ሰው ይስቅብናል። ይቺ ሴትዮ ልብስ ትታ ልጇን ትተኩሳለች ይላሉ። ልጄም አንዳንዴ ይሰለቻትና እጇን ትነጥቀኛለች፤ ሮጬ አመጣታለሁ። አሥር ላይ ስንደርስ አብረን እናለቅሳለን፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሲስተር እንደ ሁልጊዜው ጠረጴዛው ላይ መዳፍሽን ዘርጊ አለቻት። ልጄ ዘረጋች። አምስቱም ጣቶች እንጨቱ ላይ ተኙ። ትንሿ ትንሽ ከፍ ብላለች፣ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል። ሲስተር መለኪያዋን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ሰጠቻትና ጨብጪኝ አለች። ልጄ ጨበጠች።

«አጥብቂ።»

አጠበቀች። ሲስተር ፊቷ ትንሽ ተጨማደደና በቃ፣ በቃ አለች።

ወደ እኔ ዞራ ካሁን በኋላ እኔ ጋ አትመጡም አለችኝ። እንዴት አንመጣም አልኳት፤ ተስፋ የቆረጠችብን መሰለኝ። ድናለች እኮ፣ ምን ላድርግላት ነው የምትመጡት አለች። ቃሉን አሁንም እንዳልገለብጠው ፈራሁ። አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። በኦሮምኛም በይልኝ አልኳት፤ ስቃ ፈይቴ አለችኝ።

ከሐኪም ቤቱ በር ወጥተን አስፋልቱን ተሻገርን። ልጄ ቀኝ እጇን ሰጠችኝ፣ ያዝኩት። ሞቃት ነው። የልጄ እጅ ተርፏል። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አልፈራሁም።